የዳማው ሐምሌ የመጀመሪያ ኮርቻ

ገና ዳዴ ትቶ መራመድ ለጀመረ ልጃችሁ፣ የመጀመሪያ ጫማ ብላችሁ የአያታችሁን ባለሚስማር ቦት ጫማ ታጠልቁለታላችሁ? አታጠልቁለትም። ታዲያ ገና ሦስት ዓመቱን በያዘ ፈረስ ጀርባ ላይ የአያታችሁን ኮርቻ ስትጭኑ ምን ብላችሁ ነው?

መልሱን አትንገሩኝ፤ ሰምቼዋለሁ። ስድስት ሰው ተራ በተራ ነግሮኛል፤ ስድስቱም አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን እየቀሰረ። ነገሩ እንደ ሰንሰለት ነው፤ አዲስ ቀለበት በያዝኩ ቁጥር ያለፉትን ሁሉ መልሼ መቁጠር አለብኝ። ይደክማል። ያኔ እግሬን ደከመኝ፤ ዛሬ አፌን ይደክመኛል። ግን ሌላ አነጋገር የለውም፤ የሆነውም እንዲሁ ነው።

የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ቀላል ኮርቻ።

አባቴ ፈረስ ገሪ ነበር። ሲሞት የተወልኝ አንዲት ባዝራና አንድ ወንድም ነው፤ ወንድሙ አጎቴ ጓንጉል ነው። ባዝራይቱ በክረምት፣ በሐምሌ ወር፣ ዳማ ውርንጭላ ወለደች። ስሙንም ሐምሌ አልነው። እኔ አንጓች አሳደግሁት፤ እኔም እገራዋለሁ አልኩ። መጀመሪያ ነጠላዬን ጀርባው ላይ ጣል አደረግሁ። በሳምንቱ ባዶ ጆንያ። በወሩ ገለባ የሞላሁትን ጆንያ፣ በሆዱ ሥር በገመድ ጠበቅ አድርጌ። አልደነበረም። አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ አሸተተውና፣ ከጆንያው ቀዳዳ አንድ ጭድ መዝዞ በላ።

ከጆንያ ቀጥሎ የሚመጣው ኮርቻ ነው። «የመጀመሪያው ኮርቻ ቀላል ይሁን» ይል ነበር አባቴ። «ከሥሩ ለስላሳ ይሁን፤ አከርካሪውን አይንካ። ፈረስ ሰው ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ የሚማረው ከዚያ ኮርቻ ነው።» የራሱ ቀላል ኮርቻ ግን ከሱ በፊት አርጅቶ ተበጣጥሶ ነበር።

በቤቱ የቀረው የአያቴ ኮርቻ ነው። ፊቱና ኋላው እንደ ወንበር ከፍ ያለ፣ ናስ የተለበጠበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲያነሣው የሚያቃስትበት። የቤታችን ልማድ ደግሞ ይህ ነበር፦ የቤቱ ፈረስ ሲገራ መጀመሪያ የሚጫንበት ይኸው ኮርቻ ነው። የተሠራው ለአያቴ ፈረስ ነው፤ ጀርባው እንደ መደብ ሰፊ ነበር አሉ። ሐምሌ ገና ጠባብ ነው። ለሰፊ ጀርባ የተሠራ ኮርቻ ጠባብ ጀርባ ላይ ሲቀመጥ ቁልቁል ይሰጥምና አከርካሪው ላይ ያርፋል። ኋላ በሰው አገር ስለ ፈረስ ብዙ መጽሐፍ አነበብኩ፤ ከዚህ የበለጠ ነገር አላገኘሁባቸውም።

ለአጎቴ ነገርኩት።

«ጋሼ፣ ይህ ኮርቻ ይጎዳዋል።»

«አባቴን ጎዳው? አባትሽን ጎዳው? እኔን ጎዳኝ?»

«እናንተማ እላዩ ነው የተቀመጣችሁት።»

አጎቴ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። «ከፈረሱ በፊት አፍሽ መገራት ነበረበት» አለኝ። «እሺ፣ እስከ ጥሩ የፈረሰኞች በዓል ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ሌላ ኮርቻ ካመጣሽ እሱ ይጫንበት። ካላመጣሽ የአባቴ ኮርቻ ይጫናል፤ ሰው ፊትም እወጣበታለሁ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ወሩ ኅዳር ነበር።

ኮርቻ ሠሪው ልየው ነው። የመጣው ለጠባብ ጀርባ የተጠረበ፣ ገና ቆዳ ያልለበሰ የዋንዛ እንጨት ኮርቻ ታቅፎ ነው። ከሥሩ አመድ ነስንሶበት ሐምሌ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈው፤ ቀስ አድርጎም አነሣው። በግራና በቀኝ አመድ ታትሟል። በመካከል፣ አከርካሪው ላይ፣ አራት ጣት የሚሆን ንጹሕ ዳማ መንገድ ቀርቷል።

«ይህን መንገድ አየሽው?» አለኝ። «ይህ የማንም አይደለም። ኮርቻ አይነካውም፣ ጠፍር አይነካውም። አመዱ እዚህ ላይ ከታየ ኮርቻውን ለምድጃ ስጪው።»

«ታዲያ ስፋልኝ፣ ወንድም ልየው።»

«በምን ቆዳ? ቸኮል የለፋ ቆዳ ካልሰጠኝ በምላሴ ልሸፍነው? በደረቅ ቆዳ ብሰፋልሽ ካያትሽ ኮርቻ በምን ይሻላል? አልሰፋም። እሱን ሂጂና በዪው።»

ልየው ኮርቻ አልሰፋም አለ። ሐምሌ ኮርቻ የለውም። ጥር ይመጣል።

ቆዳ አልፊው ቸኮል ከወንዙ ዳር ነው የሚውለው። ሽታው ከሱ ቀድሞ ይቀበላችኋል።

«ቸኮል፣ ቆዳ አልፋ፤ ልየው ኮርቻ ይስፋ፤ ሐምሌ ጀርባው ይዳን።»

«ጥሩ ነበር» አለ ቸኮል፣ በችካል የተወጠረውን ቆዳ በእግሩ እየነካ። «ይኸ ኑግ ሳይጠጣ ብረግጠው እንደ ቅል ይሰነጠቃል። እትዬ ይጋርዱ በየዓመቱ ወቅጣ ትሰጠኝ ነበር። ዘንድሮ አልወቅጥም አለች። ሂጂ አንቺ ጠይቂያት። እኔ ደጇ ስደርስ ገና አፌን ሳልከፍት "ሰማሁህ፣ ሽታህ ነገረኝ" ትለኛለች። ኑግ ካልመጣ አላለፋም።»

ቸኮል ቆዳ አላለፋም አለ። ልየው ኮርቻ አልሰፋም አለ። ሐምሌ ኮርቻ የለውም። ጥር ይመጣል።

ይጋርዱ ብቻዋን የምትኖር ሴትዮ ናት፤ ጎተራዋ ግን ብቻውን ሆኖ አያውቅም። የዘንድሮው ኑግ እስከ አፉ ሞልቶታል።

«እትዬ ይጋርዱ፣ ኑግ ይውቀጡ፤ ቸኮል ቆዳ ያልፋ፤ ልየው ኮርቻ ይስፋ፤ ሐምሌ ጀርባው ይዳን።»

«እንዴት አምሮ ይወርድልሻል! ለሰርግ ትሆኛለሽ» አለችኝ። «በምን ልውቀጠው፣ ልጄ? ሙቀጫዬ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ስንሻው አዲስ አልጠርብልሽም ብሎኛል።»

«ከጎረቤት ቢዋሱስ?»

«የጎረቤቱ ሙቀጫ በርበሬ የተወቀጠበት ነው። ፈረስሽ ሲያስነጥስ ሊከርም ነው? ስንሻው ሙቀጫ ካልጠረበ አልወቅጥም።»

ይጋርዱ ኑግ አልወቅጥም አለች። ቸኮል ቆዳ አላለፋም አለ። ልየው ኮርቻ አልሰፋም አለ። ሐምሌ ኮርቻ የለውም። ጥር ይመጣል።

አናጢውን ስንሻውን ያገኘሁት፣ ለሙቀጫ የሚሆነውን ግንድ ወንበር አድርጎ ተቀምጦበት ነው። ከተቀመጠ መሰንበቱን ግንዱ ይናገራል፤ የሱ መቀመጫ ያለበት ቦታ ለስልሷል።

«ጋሽ ስንሻው፣ ሙቀጫ ይጥረቡ፤ ይጋርዱ ኑግ ትውቀጥ፤ ቸኮል ቆዳ ያልፋ፤ ልየው ኮርቻ ይስፋ፤ ሐምሌ ጀርባው ይዳን።»

መጥረቢያውን አንሥቶ አሳየኝ። ስለቱ በሦስት ቦታ ተሸርፏል።

«በድንጋይ አይሳልም?»

«ጥርስ የሌለውን አፍ ብታጥቢው ያኝክልሻል? ይህ እሳት ነው የሚፈልገው። ግሎ፣ ተቀጥቅጦ፣ እንደገና ተስሎ። ደርቤ ደግሞ እሳት አላነድም ካለ ሁለተኛ ወሩ ነው።»

«ምን ሆኖ ነው?»

ስንሻው መጥረቢያውን አገላበጠ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። ያውቅ ነበር። «ሄደሽ ጠይቂው። እሳት ካልነደደ እኔ አልጠርብም።»

ስንሻው ሙቀጫ አልጠርብም አለ። ይጋርዱ ኑግ አልወቅጥም አለች። ቸኮል ቆዳ አላለፋም አለ። ልየው ኮርቻ አልሰፋም አለ። ሐምሌ ኮርቻ የለውም። ጥር ይመጣል።

የብረት ሠሪው የደርቤ ቤት ከመንደሩ ውጭ ነው። እዚያ የተሠራው ሆን ተብሎ ነው፤ እሱ መርጦ አይደለም። በአገራችን ሰው ማጭዱን ከደርቤ ይወስዳል፣ ማረሻውን ከደርቤ ይወስዳል፣ የፈረሱን ልጓም ከደርቤ ይወስዳል፤ ደጁን አልፎ ግን አይገባም። ብረት የሚሠራ ሰው ዓይኑ ይበላል ይላሉ። እንዲህ የሚሉት እሱ በሠራው ማጭድ ያጨዱትን እህል እያኘኩ ነው።

እቶኑ ቀዝቅዟል። ወናፉ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል። ደርቤ ከደጁ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሽ ደርቤ፣ እሳት ያንድዱ፤ ስንሻው ሙቀጫ ይጥረብ፤ ይጋርዱ ኑግ ትውቀጥ፤ ቸኮል ቆዳ ያልፋ፤ ልየው ኮርቻ ይስፋ፤ ሐምሌ ጀርባው ይዳን።»

እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ብዙ ሰው ጠራሽ። ታንጉት በጥቅምት ስትሞት ከነዚህ ውስጥ ስንቱ መጣ?»

ታንጉት ሚስቱ ነበረች።

«ሐምሌ የምትዪው ፈረስ፣ ሲወለድ የኋላ እግሩ ቀድሞ መጥቶ ባዝራይቱ ስትጨነቅ፣ በእጇ ስባ ያወጣችው ማን ናት?»

«እሷ ናት።»

«ውጭ፣ በረቱ ውስጥ፣ በዝናብ። ከዚያ በኋላ እጇን የታጠበችበትን ቅል አጎትሽ ሰብሮ ጣለው። እሱንም ተወችው። ስትሞት ግን አንቺ የት ነበርሽ?»

«አጎቴ አትሄጂም አለኝ።»

ደርቤ ራሱን ነቀነቀ፤ የጠበቀውን መልስ ያገኘ ሰው እንደሚነቀንቀው። ያኔ አልገባኝም። ለካ እኔም በአፌ አንድ ቀለበት ሠርቼ ሰንሰለቱ ላይ ቀጥያለሁ።

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለኝ» አለ። «ጓንጉል ካልሄደ፣ ጓንጉል ካልሄደ። እንግዲያው ጓንጉል ይምጣ። መጥቶ እዚህ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ ንፍሮ ይቆርጥም፤ እግዜር ያጽናህ ይበለኝ። እስከዚያ እሳት አላነድም። የአገሩ መጥረቢያ ሁሉ ድድ ብቻ ይሁን።»

ወደ አጎቴ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ለቅሶ ይድረሱ፤ ደርቤ እሳት ያንድድ፤ ስንሻው ሙቀጫ ይጥረብ፤ ይጋርዱ ኑግ ትውቀጥ፤ ቸኮል ቆዳ ያልፋ፤ ልየው ኮርቻ ይስፋ፤ ሐምሌ ጀርባው ይዳን።»

«እኔ? ደርቤ ቤት? ንፍሮ?»

«አዎ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ምን ይልዎታል?»

«የሚለውን እኔ ነኝ የማውቀው። መጀመሪያ አገሩ ይሂድ። አገሩ ከሄደ እኔ አልቀርም። ብቻዬን ግን አልደርስም።»

ጓንጉል ለቅሶ አልደርስም አለ። ደርቤ እሳት አላነድም አለ። ስንሻው ሙቀጫ አልጠርብም አለ። ይጋርዱ ኑግ አልወቅጥም አለች። ቸኮል ቆዳ አላለፋም አለ። ልየው ኮርቻ አልሰፋም አለ። ሐምሌ ኮርቻ የለውም። ጥር ይመጣል።

አገሩ ማን ነው? አገሩ ልየው ነው፣ ቸኮል ነው፣ ይጋርዱ ናት፣ ስንሻው ነው። ሌላ አገር አልነበረንም። እንደገና ዞርኩ፤ አሁን ስለ ኮርቻ ሳይሆን ስለ ለቅሶ።

«ወንድም ልየው፣ ደርቤን እግዜር ያጽናህ በለው።»

«ጓንጉል ሳይሄድ?»

«ቸኮል፣ አንተስ?»

«ጓንጉል ሳይሄድ? ባይሆን ሽታዬ ከሩቅ ይደርሰዋል፤ መጥቷል ይበል።»

«እትዬ ይጋርዱ?»

«ምን በወጣኝ! ጓንጉል ሳይሄድ?»

«ጋሽ ስንሻው?»

ስንሻው ግንዱ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። «ጓንጉል ሳይሄድ?»

አንድም ሰው ደርቤን የሚጠላ አላገኘሁም። አንድም ሰው ሐምሌ እንዲጎዳ የሚፈልግ አላገኘሁም። ሁሉም አዘኑልኝ። ይጋርዱ ዳቦ አበላችኝ፤ ቸኮል በመመላለሴ ብዛት ተደንቆ አሮጌ ጫማ ጠገነልኝ። ታኅሣሥ በዚህ አለቀ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እንኳ ገብቼ የደርቤ መደብ ላይ አልተቀመጥኩም። ከደጅ ቆሜ ነው የምመለሰው። አጎቴ አትሄጂም ብሎኛላ።

በታኅሣሥ የመጨረሻ ቅዳሜ ደግሞ ይጋርዱ ዘንድ ሄጄ እየለመንኳት አረፈድኩ። ስመለስ ሐምሌ የሚታሰርበት ዛፍ ሥር ገመዱ ብቻ ተጠቅልሎ ወድቋል። ገባሁ። የአያቴ ኮርቻ ከተሰቀለበት ላይ የለም።

«ጋሽ ጓንጉል በዳማው ገበያ ወረዱ» አለችኝ የጎረቤት ሴት። «እንዴት እንዳማረባቸው! ሰው ሁሉ ከደጁ ወጥቶ ነው ያያቸው።»

ገበያው ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አጎቴ ደግሞ ቀጭን ሰው አልነበረም። ደጅ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

መጀመሪያ የመጣው ሐምሌ ነው፤ ብቻውን። ኮርቻው ዞሮ ከጎኑ ተንጠልጥሏል። ልጓሙ ተሰብሮ ግማሹ ብረት ከከንፈሩ ውጭ ይወዛወዛል። ጥቂት ቆይቶ አጎቴ እያነከሰ ደረሰ፤ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው።

«ቃል ሰጥተውኝ ነበር፣ ጋሼ።»

«ልሞክረው ብዬ ነው እንጂ! ከገበያ እስክወጣ እንደ በግ ነበር። ወንዙ ላይ ምን እንደነካው እንጃ፣ ዘለለና ጣለኝ። የአባቴን ልጓም አየሽው? አየሽ ምን እንዳደረገው?»

ጠፍሩን ፈታሁ። ኮርቻው በራሱ ክብደት ወደቀ። ከሥሩ የተነጠፈውን ጨርቅ፣ ግላሱን፣ ሳነሣ ተጣብቆ አብሮት የመጣ ነገር ነበር። ልየው በአመድ ያሳየኝ፣ የማንም ያልሆነው መንገድ፣ ከጫንቃው እስከ ወገቡ ቀይ ሆኗል። ሐምሌ አልተራገጠም። አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ እንደ ጆንያው ጊዜ፣ ምን እንደሆነ ሊያሸት ሞከረ።

አጎቴ ጀርባውን አላየም። የልጓሙን ሁለት ቁራጭ ብረት እያገጣጠመ ነበር። በጥር በዓል ያለዚያ ልጓም ወጥቶ አያውቅም፤ በሽማግሌው ፈረሱም ቢሆን ያለሱ አይወጣም። በዓሉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ልጓም የሚቀጥል ሰው ደግሞ በአገሩ አንድ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አጎቴ ልጓሙን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ደርቤ ቤት ወረደ። ከኋላው ተከተልኩት። ያዩን ሁሉ ተከተሉን።

«ደርቤ፣ ይህን ቀጥልልኝ።»

«እሳት የለኝም፣ ጋሽ ጓንጉል።»

«አንድደዋ!»

«መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«የት?»

«ሌላ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ የት ነው የሚቀመጡት?»

አጎቴ ልጓሙን አየ። መደቡን አየ። ደጁ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አየ። እንደገና ልጓሙን አየ። ጎንበስ ብሎ ገባና ተቀመጠ።

የደርቤ እህት አንድ እፍኝ ንፍሮ በጣባ አቀረበችለት። «በጥቅምት ሙሉ ድስት ቀቅለን ዶሮዎቹ በሉት» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለጣባው። አጎቴ አንዷን ፍሬ አንሥቶ ቆረጠመ። ሁለተኛዋን ቆረጠመ። ምንም አልሆነም። ጣሪያው አልወረደም፣ የማንም ዓይን አልበላውም።

«እግዜር ያጽናህ» አለ። ያለው ለጨርቁ ጥቅል ይሁን ለደርቤ፣ ከደጅ ሆኜ መለየት አልቻልኩም።

ደርቤ ተነሣ። ወናፉን ከምሰሶው አወረደ፤ አቧራውን አራገፈ።

ከዚያ በኋላማ ምን ያግደዋል! ጓንጉል ለቅሶ ደረሰ። ጓንጉል ከሄደማ ብሎ አገሩ ሁሉ ደረሰ። ደርቤ እሳት አነደደ፤ ልጓሙን ቀጠለ፤ የስንሻውን መጥረቢያ ሳለ። ስንሻው ከግንዱ ላይ ተነሥቶ ግንዱን ጠረበ። ይጋርዱ ኑግ ወቀጠች። ቸኮል ቆዳ አለፋ። ልየው ኮርቻ ሰፋ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ክንድ ያልተላወሰው ነገር፣ ከላይ እስከ ታች በሁለት ሳምንት አለቀ።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት ሁሉም ተሰብስበው ወደ ግቢያችን መጡ። ኮርቻውን የያዘው ልየው ነው። እንዲህ ያለ ኮርቻ ከዚያ በኋላ በየትም አገር አላየሁም። በአንድ እጅ ይነሣል። ቆዳው እንደ ጆሮ ጫፍ ለስላሳ ነው። ከሥሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትራስ አለው፤ መካከሉ አራት ጣት ክፍት ነው።

ልየው እንደ ልማዱ ከኪሱ አንድ እፍኝ አመድ አወጣ። ወደ ሐምሌ ተጠግቶ፣ ጀርባው ላይ ያለበስኩትን ነጠላ ገለጠ።

አመዱን መልሶ መሬት ላይ አፈሰሰው።

«ይድናል» አለ ስንሻው።

«ቁስል ምን አለው፣ ይድናል» አለች ይጋርዱ። «ዋናው ነገር እኛ መታረቃችን ነው።»

እውነትም ታርቀው ነበር። ቸኮል ከይጋርዱ ጎን ቆሟል፤ እሷም አፍንጫዋን አልያዘችም። ስንሻው የደርቤን ትከሻ አቅፏል። አጎቴ ጓንጉል ወደኔ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«በይ እንግዲህ፣ የፈለግሽው ኮርቻ ይኸውልሽ» አለኝ። «አጥፍቻለሁ። ሁላችንም አጥፍተናል። ይቅር ለእግዜር በይን።»

«ይቅር ለእግዜር በዪ፣ ልጄ» አሉ ሁሉም።

ደርቤ ብቻ ምንም አላለም። ወደ እሱ ዞርኩ።

«እርስዎ ይቅር ብለዋቸዋል?»

«አፌ ብሏል» አለኝ ቀስ ብሎ።

እኔ አፌም አላለም። ኮርቻውን ከልየው እጅ ተቀበልኩ፤ ሐምሌን ነጠላውን መልሼ አለበስኩት፤ ወደ ቤት ገባሁ።

ክረምት ሲገባ ቁስሉ ደረቀ። ልየው በአመድ በለየው፣ የማንም ባልሆነው መንገድ ላይ፣ አራት ጣት ስፋት ያለው ነጭ ጸጉር በቀለ። አመዱን ራሱ እዚያ ላይ ነስንሰው የረሱት ነው የሚመስለው። ሐምሌ ከዚያ ወዲህ ኮርቻ ሲያይ ያልበው ነበር፤ ቀላሉንም፣ ባዶ ጆንያም ቢሆን። ለእህል ጭነት እንኳ የሚፈልገው ጠፍቶ ሜዳ ላይ አረጀ። እኔ በዓመቱ ከአገር ወጣሁ። ኮርቻውን ይዤ ነው የወጣሁት። አንድም ፈረስ ላይ አልተጫነም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የአጎቴ ልጅ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። «አባባ ሲያርፍ ስምሽን ጠርቷል» ትላለች። «ይቅር በዪው። ሌሎቹም አልፈዋል፤ ሁሉንም ይቅር በያቸው። አርጅተሻል፤ ለራስሽም ይሻልሻል።»

መልስ ጻፍኩላት። ጓንጉልን ይቅር አልልም፤ ለልጓም ደረሰ እንጂ ለታንጉት አልደረሰም። ደርቤን ይቅር አልልም፤ ለልጓም አነደደ እንጂ ለፈረስ አላነደደም። ስንሻውን ይቅር አልልም፤ እያወቀ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ይጋርዱን ይቅር አልልም፣ ዳቦዋን ብበላም። ቸኮልን ይቅር አልልም፣ ጫማዬን ቢጠግንም። ልየውን ይቅር አልልም፤ መንገዱን እሱ ነው ያሳየኝ። አንጓችንም፣ ራሴኑ፣ ይቅር አልልም፤ ሐምሌን ስባ ያወጣች ሴት ስትሞት ያልሄደችውን፣ ኋላም ከደጅ የተመለሰችውን።

ማንንም ይቅር አልልም።